ሜልበርን ዳር፣ ባሕር ዛፉ አገሩ ላይ

ከሜልበርን በስተምሥራቅ ያሉትን የዳንደኖንግ ኮረብታዎች ለማየት መኪና አያስፈልግም። የጉዞ መክፈያውን ማይኪ ካርድ ይዞ ከፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ የቤልግሬቭን ባቡር መሳፈር ይበቃል፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ተጉዞ ጫካው ደጃፍ ያወርዳል። ከፉትስክሬይ የሚነሳ ሐበሻ መሃል ከተማ ላይ ይቀይራል። የሊሊዴል ባቡርም እስከ ሪንግውድ በዚያው መስመር ስለሚሄድ ብዙ እንግዳ ይሳሳታል። የተሳሳተ ሰው ሪንግውድ ላይ ወርዶ የቤልግሬቩን ይጠብቅ። ከአፐር ፈርንትሪ ጋሊ ወዲያ ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ የአንዱ ባቡር መዘግየት ለሌላው ይተርፋል፤ መመለሻን ከቀጠሮ ጋር አጠጋግቶ መያዝ አይበጅም።

ቤልግሬቭ ሲወርዱ የሚቀበለው ሽታ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ አይደለም። በምኒልክ ዘመን እኛ ዘንድ የገባው ባሕር ዛፍ ዘመዶቹ እዚህ ናቸው። ሸርብሩክ ጫካ ውስጥ የቆመው ግን የእንጦጦው ዓይነት አይደለም። ማውንቴን አሽ ይሉታል፤ ከሚያብቡ ዕፅዋት ሁሉ በቁመት የሚስተካከለው የለም። የእኛው ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ይህኛው ኃይለኛ እሳት ካገኘው ይሞታል፣ የሚተካውም በዘሩ ነው። አንድ ሸንተረር ላይ እኩያ እኩያ ሆነው የቆሙ ዛፎች ሲታዩ፣ ከአንድ ቃጠሎ በኋላ አብረው የበቀሉ መሆናቸውን መገመት ይቻላል።

እኔ የምመርጠው ወቅት ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ነው። የእነሱ ብርድ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ጭጋጉም ጭቃውም አዲስ አይሆንብንም። ላየርበርድ የምትባለው ወፍ ወንዱ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀዳ የሚጫወተው በዚህ ጊዜ ነው። በማለዳ ገብቶ ዝም ብሎ መቆም ነው እንጂ ተከታትሎ መፈለግ ያርቀዋል። መሬቱ ሲርስ አልቅት አለ፤ ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት ይጠቅማል። አፐር ፈርንትሪ ጋሊ አጠገብ ያለው «ሺህ ደረጃ» ቁጥሩ ሺህ አይሞላም፤ እርጥብ ሲሆን ግን ክፉኛ ያንሸራትታል፣ ጫማው መሬት የሚይዝ ይሁን።

ፐፊንግ ቢሊ የሚባለው የእንፋሎት ባቡር የሚነሳውም ከቤልግሬቭ ነው። ማይኪ አይሠራበትም፤ ቀድሞ ትኬት መያዝ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው ይህ መስመር የሐዲዱ ስፋት 762 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ1953 የመሬት ናዳ ዘጋው፤ ወዳጆቹ ተሟግተው በ1962 ከፊሉን አስከፈቱት፣ ዛሬም አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እሳት ማንደድ በተከለከለበት ቀን በእንፋሎቱ ፈንታ የናፍጣ ሞተር ይጎትተዋል።

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ሥራ የእሳት አደጋውን ደረጃ ማየት ነው። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፤ የመጨረሻው «ካታስትሮፊክ» ሲታወጅ ፓርኩ ይዘጋል፣ ነዋሪውም አስቀድሞ ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ይመከራል። አደገኛው ከሰሜን የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ብቻ አይደለም። ነፋሱ ድንገት ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዞር፣ ረጅሙ የእሳቱ ጎን በሙሉ ግንባር ይሆናል። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1983 ብዙ ሰው ያለቀው እንዲህ ነው። ቤት የሚያያይዘውም ብዙውን ጊዜ ነበልባሉ ሳይሆን በነፋስ የሚበር ፍም ነው፤ አሸንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ላይ ካረፈ ጣሪያውን ይይዛል። ኖቬምበር ላይ ሰው ሁሉ መሰላል ላይ ወጥቶ አሸንዳ ሲጠርግ የሚታየው ለዚህ ነው።

ነፋስ በክረምትም ያስፈራል። በጁን 2021 መሬቱ በዝናብ ርሶ ሳለ የመጣ ማዕበል በኮረብታው ላይ ባሉት መንደሮች፣ በእነ ኦሊንዳና ካሎራማ፣ ዛፎቹን ከነሥራቸው ነቀላቸው፤ አንዳንዱ ቤት ለሳምንታት መብራት አጣ። ከብዙ ዝናብ በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ከተተነበየ የጫካውን መንገድ መተው ነው፤ ያን ቀን የቤልግሬቭ ዋና መንገድ ላይ ካሉት ካፌዎች አንዱ ይበቃል።