ቀኑን ማን ይምረጥላት

ሰሞኑን ከፍቶኛል። ወንድሜ ለአባዬ ካዲሽ፣ እኛ አይሁዶች ለሞተ ወላጅ በምኩራብ የምንለውን ጸሎት፣ ማለት ጨርሷል። ደንቡ 11 ወር ነው። የክፉ ሰው ነፍስ በገሃነም የምትቀጣው 12 ወር ነው ስለሚባል፣ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ካዲሽ ካለ አባቱን ከክፉዎች እንደመደበው ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወር ሲቀረው ያቆማል። ይሄን ደንብ እወደዋለሁ። ግን ወንድሜ በማለዳ ወደ ምኩራብ ሲወጣ አባዬ ገና ያላለቀ ጉዳይ ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እሱም ቀረ።

ካዲሹ ውስጥ ስለ ሞት አንድም ቃል የለም፣ ስለ ገነትም የለም። ዋናው ነገሩ የፈጣሪን ስም ማክበር ነው። ሐዘንተኛው ለብቻው አይለውም፤ አሥር ሰው መሙላት አለበት። ሐዘን የተሰበረውን ሰው ጎትቶ ሰው መሀል ያቆመዋል፤ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ለአያቴ ግን ማን አለላት? በ1984 እ.ኤ.አ. ከጎንደር በእግራቸው ወጥተው ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሞተች። በራሷ ነጠላ ጠቅልለው ቀበሯት። አገር ቤት ቢሆን ሬሳ የነካ ሰው እንደ ርኩስ ተቆጥሮ ሰባት ቀን ከመንደር ተለይቶ ይቆይና ታጥቦ ይገባ ነበር። እዚያ ማን ይለያል? ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ መሆናቸው እንዳይታወቅ ተደብቀው ነው የሚኖሩት። እማዬ የቀበረቻትን እናቷን በነካ እጇ በዚያው ቀን ለእኛ ቂጣ ጋገረች። እስከ ዛሬ ይከነክናታል።

ታልሙድ በሚባለው የጥንት ሊቃውንቶቻችን መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ከእስራኤል ምድር ውጭ የተቀበሩ ጻድቃን በትንሣኤ ቀን በምድር ውስጥ ዋሻ ይከፈትላቸውና በሱ አልፈው እዚህ እስራኤል ደርሰው ይነሣሉ ይላል። መጀመሪያ ስሰማው አናደደኝ። ያን ሁሉ በረሃ በእግሯ አቋርጣ፣ ኢየሩሳሌም ኢየሩሳሌም እያለች የሞተች ሴት፣ እንደገና መንገድ? ለእማዬ ስነግራት ግን ፊቷ በራ። «እንግዲያውስ አልቀረችም በለኛ!» አለችኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ አምነዋለሁ፤ ማመን እፈልጋለሁ።

አሁን ያከራከረን የተዝካሯ ነገር ነው። የሞተችበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ የለም። ቀኑ ካልታወቀ አንድ ቀን መርጦ በየዓመቱ ማሰብ ይቻላል ይላል የአይሁድ ሕግ። አክስቴ እስራኤል የኢየሩሳሌምን መዋሃድ በምታከብርበት በኢየሩሳሌም ቀን ይሁን ትላለች፤ በሱዳን መንገድ ላይ ያለቁት ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ባለው ሄርጽል ተራራ ላይ የሚታሰቡት ያን ቀን ነው። ወንድሜ ደግሞ ለብቻዋ ቀን ይኑራት፣ ከብዙ ሰው ጋር አትደባለቅ ባይ ነው። እማዬ ሁለቱንም አልተቀበለችም። «የእናቴን መሞቻ ቀን እኔ ልመርጥ?» አለችና ተነሥታ ወጣች።

እኔ ወደ አክስቴ አዘነብላለሁ፣ ግን እማዬን ማስገደድ አልችልም። የዘመዶቻችሁ ቀን የጠፋባችሁ፣ እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?