ጳጉሜን ሳያልቅ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 ጤና የማይጎድልበት፣ የተራራቀ የሚገናኝበት፣ የተጀመረ ቤት ሁሉ ጣሪያ የሚያወጣበት ዓመት ይሁንላችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አባቴን በግንቦት ቀብረናል። ዘንድሮ የምጽፍላችሁ ከእሱ ውጪ ስለ ሌላ ነገር እንዲሆን ብሞክርም እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ የበዓሉ መልእክት የእሱ ይሁን።

እናንተ የምታውቁት የሕንፃ ተቋራጩን ነው። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ራሱን የሚቆጥረው ከወታደር ነበር። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብተው ከሠለጠኑት ወጣቶች አንዱ ነው። ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲበሰር በመሐንዲስ ክፍል ውስጥ ፈንጂ ያመክን፣ መንገድ ይጠርግ ነበር። ስለ ተኩሱ ብዙ አያወራም። ወንዝ ሞልቶ ስለተሻገሩበት የእንጨት ድልድይ ግን ከጠየቃችሁት ቡናው እስኪቀዘቅዝ ይተርክላችኋል።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ካፖርቱንና ሙያውን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ። አገር ሲጠብቅ የኖረ ሰው የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጁን ሲዘረጋ ያያችሁበት ዘመን ነው። እናቴ የእቁብ ዕጣዋ ሲወጣላት ገንዘቡን ለእሱ ሰጠችው፤ በእጅ የሚሠራ የብሎኬት ማምረቻ ገዛ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞቹ የጦር ሜዳ ጓደኞቹ ነበሩ። አጥር ሠሩ፤ ሰርቪስ ቤት ሠሩ፤ ቀስ በቀስ የደረጃ 10 ተቋራጭ ፈቃድ ወጣ። በ1996 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ገርጂ ላይ ተሞክሮ በከተማው ሲስፋፋ እንደ እኛ ላሉ ትንንሽ ተቋራጮችም በር ተከፈተ።

በዚህ ሰሞን በልቤ የሚመላለሰው ግን የሚሌኒየሙ ዋዜማ ነው። ከተማው በመብራት አሸብርቋል። ያን ዓመት ሲሚንቶ የሚገኘው በወረፋ ነበር፤ እኛም እንደምንም አግኝተን የአንድ ባለሀብት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሶሌታውን (የአርማታ ወለሉን) ሞልተናል። አሠሪው ክፍያው ከበዓል በኋላ ይሁን አለ። አባቴ አልተሟገተም። በማግስቱ ያለችውን አንዲት ፒክአፕ ሸጠ።

ጳጉሜን 6 ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ በተደረደረው ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አባቴ ከሠራዊት ቤት የተረፈች፣ አረንጓዴ ቀለሟ የተላጠ የጥይት ሳጥን ነበረችው፤ የድርጅታችን ካዝና እሷ ነበረች። እኔ ስም እጠራለሁ፤ እሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ገንዘቡን በሁለት እጁ ይሰጣል፤ መፈረም የማይችል ሐምራዊውን ቀለም ነክቶ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ባሬላ የሚሸከሙት ሴቶች ጣታቸው በሲሚንቶ ማልታ ተበልቶ አሻራቸው እንኳን በደንብ አይወጣም ነበር። ያንን ገጽ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ሁሉም ወስዶ ሲያበቃ ለእኛ የበግ መግዣ አልተረፈም። እናቴ ዶሮ በዱቤ ወሰደች። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ግንባር ሆኜ ደመወዝ ሳይደርሳችሁ የዋለ በዓል አለ። አንቺ አታስታውሺውም፤ እናትሽ ግን ታስታውሰዋለች።»

የተቋራጭ ወዳጆቼ፣ ምኞቴ ለእናንተ ከዚህ ይጀምራል። የምንዛሪው ለውጥ ከመጣ ወዲህ በድሮ ዋጋ የፈረሙትን ውል በአዲሱ የፌሮ ዋጋ መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ አብረን እየቀመስነው ነው። ቢሆንም «የክፍያ ሰርተፍኬታችን አልጸደቀም» የሚለው መልስ ለባንክ ይነገር እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ጠጠር ሲያግዝ ለዋለ የቀን ሠራተኛ በበዓል ዋዜማ አይነገርም። ክፍያችሁ ያልዘገየ፣ የሠራተኛችሁንም ያላዘገያችሁ ሁኑ።

የመጋዘናችን ኃላፊ ጋሼ፣ አንድ እግርዎን ምሥራቅ ትተው መጥተው የእኛን ምስማር እስከ አንዲቷ ቆጥረው ለኖሩት ለእርስዎ ዕድሜ ይስጥልኝ። በቀብሩ ዕለት ሜዳሊያዎን አድርገው፣ ክራንችዎን በአንድ ብብት ይዘው ሲቆሙ ያየሁትን አልረሳም። ፎርማናችን፣ አባቴ ያረፈው ሶሌታው በተሞላ በማግስቱ ነበር። እኛ ድንኳን ውስጥ ስንላቀስ አንተ ማንም ሳይነግርህ ጠዋትና ማታ ጆንያውን እያረስክ አርማታውን ስታጠጣ ሰነበትህ። አንድ ስንጥቅ የለበትም። ወንድሜ፣ የኢንጂነር ዲግሪህን ይዘህ የተሻለ ደመወዝ ትተህ ስለመጣህ አመሰግንሃለሁ፤ እማዬ፣ ያቺ እቁብ ይህን ሁሉ ቤት እንደሠራች ሁሌም ለሚጠይቀኝ እናገራለሁ።

ከትናንት በስቲያ፣ ጳጉሜን 4፣ የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ቤታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰብን። አባቴ ከመሠረት ድንጋዩ ጀምሮ ሲከታተለው ነበር፤ ቦንድ ገዝቷል፤ ዜና በመጣ ቁጥር ስንት ሜትር ኩብ አርማታ እንደተሞላ ይጠይቀናል። አራት ወር ቀረው። ሁላችንም ደስ ብሎን አለቀስን። ለግድቡ ሠራተኞች በሙሉ፣ በተለይ በዚያ በጉባ ሙቀት አርማታ ለሞላችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ።

ሥራ ሰኞ መስከረም 5 ይጀመራል። አንድ ነገር ግን አልተዘጋም። በግንቦት፣ በለቅሶው ሰሞን ሒሳባቸውን ሳይወስዱ የሄዱ ባሬላ የሚሸከሙ ሁለት እህቶች አሉ። በሰጡን ስልክ አልተገኙም፤ አንደኛዋ ወደ ወሎ ተመልሳለች ተብሏል። ገንዘባቸው በስማቸው ተቀምጧል። የምታውቋቸው ካላችሁ ንገሩልኝ፤ ራሳቸው መምጣት ካልቻሉ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን።

መልካም አዲስ ዓመት!