ቀለም ብቻ ይታደስለት የተባለው ድልድይ

በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር፣ የድሮ የእንጨት ድልድዮችን በሚመረምርና በሚጠግን ቡድን ውስጥ በመሐንዲስነት ስሠራ፣ «ቀለም ብቻ ይታደስለት» የሚል የሥራ ትእዛዝ የወጣለት አንድ ድልድይ ደረሰን። በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1936 ድረስ ከ400 በላይ የእንጨት «ትረስ» (truss) ድልድዮች፣ ማለትም በሦስት ማዕዘን ቅርጽ በተጋጠሙ እንጨቶች ጭነትን የሚሸከሙ ድልድዮች፣ ተሠርተው አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ ስለዚህ የቀሩትን መጠበቅ ለእኔ ከተራ የመንገድ ሥራ የሚበልጥ ኃላፊነት ነው። ይህኛው ድልድይ፣ መሐንዲስ ፐርሲ አለን እ.ኤ.አ. በ1893 ባወጣው ንድፍ የተገነባ፣ ነጭ የተቀባ፣ ከሩቅ ለሚያየው እንከን የማይወጣለት ነበር። ቀደም ሲል የተጻፈው ሪፖርትም መልኩን በፎቶግራፍ አስደግፎ ይዞታው መልካም መሆኑን ይገልጻል።

ቀለም ቀቢዎቹ መወጣጫቸውን ሲያቆሙ፣ አብሮን የነበረ አንጋፋ አናጢ እንደ ልማዱ የታችኛውን አግዳሚ፣ ማለትም በድልድዩ ርዝመት ከታች የተዘረጋውን ዋና እንጨት፣ በመዶሻ እየመታ ያልፍ ነበር። አይረንባርክ የሚባለው የአገሩ እንጨት ውኃ ላይ የማይንሳፈፍ ከባድ እንጨት ስለሆነ፣ ጤነኛ ሲሆን መዶሻውን አንጥሮ ይመልሳል፤ ብሎኖቹ በተደረደሩበት መጋጠሚያ ላይ ግን ድምፁ ታፈነ። በቀጭን መሰርሰሪያ በሳነው። መጀመሪያ ደረቅ ቀይ ፍቅፋቂ ወጣ፤ ቀጥሎ መሰርሰሪያው ሳንገፋው ወደ ውስጥ ሾለከ፤ ከዚያም እርጥብ ጥቁር ብናኝ ተከተለ። ዝናብ በብሎኑ ቀዳዳ ገብቶ፣ ቀለሙም እርጥበቱ እንዳይወጣ አፍኖት፣ እንጨቱ ከልቡ በስብሷል። የታችኛው አግዳሚ ተሽከርካሪ ባለፈ ቁጥር ግራና ቀኝ የሚወጠር ክፍል በመሆኑ፣ እዚያ ላይ የሚደርስ ጉዳት ጊዜ አይሰጥም።

በዚያው ዕለት ለከባድ መኪና ዘጋነው። ወተቱን የሚጭንለት ቦቴ ዙሪያ መንገድ ሊሄድበት የሆነ አንድ ገበሬ በቁጣ መጣ፤ ከድልድዩ በታች አውርደን ብናኙን መዳፉ ላይ ስናደርግለት በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ዝም አለ፤ ወዲያው ወደ ጎረቤቶቹ ስልክ መደወል ጀመረ።

ለጥገናው የደረሰልን ንድፉን ያወጣው ፐርሲ አለን ራሱ ነው ማለት ይቻላል። አግዳሚውን ጎን ለጎን በቆሙ ጥንድ እንጨቶች ስላዋቀረው፣ ከሥር ጊዜያዊ ድጋፍ አቁመን የበሰበሰውን ስናወጣ ሌላው ጥንዱ በቦታው ቆየ፤ ቀላል ተሽከርካሪዎችም በተራ ማለፋቸውን አላቋረጡም። ከመቶ ዓመት በፊት የወደፊቱን ጠጋኝ ያሰበ ሰው መኖሩ እስካሁን ይደንቀኛል።

ከዚያ ወዲህ በቡድናችን የመጋጠሚያዎቹ በመሰርሰሪያ የመመርመር ውጤት ከሪፖርቱ ጋር ካልተያያዘ የቀለም ሥራ አይታዘዝም።