ቡናማዋ ፓፍ ለምን አትቸኩልም? የስምንት ሳምንት ማስታወሻዬ

ባለፈው «ስቴሮይዱን ብስበው ብስበው ምንም አይለኝም» ብዬ አማርሬ ነበር። ያንን ንግግሬን አንስቻለሁ።

ለአዲሶች፦ አስም አለብኝ፣ ጠላቴ አቧራ ነው። ሁለት ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ታዞልኛል። ሰማያዊዋ ሳልቡታሞል፣ ቡናማዋ ቤክሎሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ።

አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሣጥን የወጣ ጋቢ አራገፍኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደረቴ ሲጥ ሲጥ አለ። ሰማያዊዋን ሁለቴ ሳብኩ፣ ለቀቀኝ። ቡናዬን ሁሉ ጠጣሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ እንዳለሁ እንደገና አፈነኝ። ጋቢውን የነካው የለም! ደንግጬ ቡናማዋን ደጋግሜ ሳብኩ። ወይ ፍንክች። ቀለል ያለኝ ወደ ሰማያዊዋ ስመለስ ነው።

ለካ አንዱ አቧራ ሁለት ጊዜ ይመታል። መጀመሪያ ሳንባ ውስጥ ያሉት ማስት ሴሎች የሚባሉት የሰውነት ተከላካዮች ሂስታሚንና ሉኮትራይን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። የአየር ቧንቧው ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ይኮማተራል፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ይረግባል። እኔ ይህን ኡኡታ ብዬዋለሁ። ኡኡታውን ሰምቶ የሚመጣው መንደርተኛ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይደርሳል። በተለይ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቧንቧውን ያሳብጡታል። ሰማያዊዋ ጡንቻውን ታላላለች እንጂ መንደርተኛውን አትመልስም።

መላሿ ቡናማዋ ናት። ስቴሮይዱ ሴሉ ውስጥ ይገባል፣ ከተቀባዩ ጋር ተጣብቆ እስከ ኒውክሊየሱ ይዘልቃል፣ የብግነት (የእብጠትና የመቆጣት) መልእክት የሚያስመርቱትን ጂኖች ዝም ያሰኛል። ይህ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ከአቧራው በፊት አንዴ ቢወሰድ እንኳ የመጀመሪያውን መኮማተር አያስቀርም፤ የሚያስቀረው የማታውን ነው። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ለሳምንታት በየቀኑ ሲወሰድ የቧንቧው ሽፋን ላይ ያሉት ማስት ሴሎች ቁጥራቸው ራሱ ይቀንሳል። ጯሂው ሲያንስ ኡኡታውም አነሰ ማለት ነው።

እኔ ጋ እንዴት ነው? ጠዋትና ማታ ሳላቋርጥ ስምንተኛ ሳምንቴ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ጎረነነ፣ ምላሴ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ጥፋቱ የኔው ነው፣ አፌን ሳልጉመጠመጥ ነበር የምተኛው። የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ስፔሰርም (ፓፏና አፍ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ) ጨመርኩ። ስፔሰር ላጣችሁ፣ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ሠርቷል፤ ቀዳዳው ፓፏን ግጥም አድርጎ መያዝ አለበት።

በዚህ ሳምንት ሰማያዊዋን የነካሁት አንዴ ነው። በፊት አምስት ስድስቴ ነበር። ጋቢውን ግን አሁንም የምታራግፈው እህቴ ናት፣ ያውም ውጭ።