በእጇ በኩል መልሱን ሰጠኝ

ይህን የምጽፈው ስእለት ስላለብኝ ነው። «ጌታዬ፣ ሆዴ ዳግመኛ ሳይከፈት ካዳንከኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዓመታት በፊት ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ቁስሉ ደረቀ፣ እኔም ረሳሁት። በኋላ ግን አንድ ሌሊት ሆዴ ተነፍቶ እንደ ምጥ እየመጣ እየሄደ ያጣድፈኝ ጀመር። የቀመስኩት ሁሉ ተመልሶ ወጣ። አየር እንኳ አልወጣ አለኝ። ባለቤቴ ደግፎ ድንገተኛ ክፍል አደረሰኝ።

ሲቲ ስካን ተነሳሁ፤ አንጀትሽ ተዘግቷል አሉኝ። ሆድ ከተከፈተ በኋላ ውስጡ ሲድን የጠባሳ ክሮች ይሠራል። ክሮቹ አንጀትን ከአንጀት፣ ወይም ከሆድ ግድግዳ ጋር ያጣብቃሉ። ሆዳቸው የተከፈተ አብዛኞቹ ሰዎች ይህ ጠባሳ አላቸው፤ ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። የኔ ግን አንጀቴን አንቆ ያዘው።

በአፍንጫዬ ቱቦ ገባ። ምግብም ውኃም ተከልክዬ በግሉኮስ ቆየሁ። በእግዚአብሔር ቸርነት ያለ ቢላ ተከፈተልኝ። ግን ተመለሰ። ደግሞም ተመለሰ። ሐኪሜ አልደበቀኝም፦ አንጀቱ ደም ካጣ ኦፕራሲዮን ግድ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ደግሞ አዲስ ጠባሳ ያመጣል። እንቅልፍ ያጣሁት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

መብላት ፈራሁ። ጥሬ ጎመን፣ ሽንብራ፣ ለውዝ ቀረብኝ። በጾም ወቅት እነዚህ ከቀሩ ምን ይበላል? የንስሐ አባቴ «አንቺ ጾምሽን በሕመምሽ እየጾምሽ ነው» ብለው አጽናኑኝ፤ ለስላሳውን እንድመገብ ፈቀዱልኝ። እህቶቼ ጸበል ያመጡልኛል፣ ውዳሴ ማርያም ይደግሙልኛል። እኔ ደግሞ ኢሳይያስ 38ን ደጋግሜ አነብ ነበር። ንጉሥ ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አልቅሶ ጸለየ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ያው ነቢይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። «ጌታ ሆይ፣ የኔ በለስ የቱ ነው?» እያልኩ እጠይቀው ነበር።

በዚያው ሰሞን ነርስ የሆነች የቤተ ክርስቲያናችን እህት ከቅዳሴ በኋላ ጠራችኝና በእጅ ብቻ ስለሚሠራ ፊዚዮቴራፒ ነገረችኝ። ፍሎሪዳ፣ ጌይንስቪል ውስጥ ቤሊንዳ ዉርን የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ከካንሰር ሕክምና በኋላ ራሷ በዚህ መጣበቅ ተሠቃይታ፣ ከባለቤቷ ከላሪ ጋር የእጅ ሕክምና አዘጋጅተዋል። ጥናቶቹ ገና ትንንሽ ናቸው። ሐኪሜን ጠየቅኩት፤ «አንጀትሽ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሞክሪው» አለኝ። እዚሁ አካባቢ በዚህ ሥራ የሠለጠነች ሴት አገኘሁ።

ከመንካቷ በፊት የኦፕራሲዮን ወረቀቴንና የሲቲ ውጤቴን አነበበች። ከዚያ መዳፏን ከጠባሳዬ አጠገብ አሳረፈች። ማሸት እንዳይመስላችሁ። ቀስ ብላ ትጫናለች፣ ቆዳው እምቢ ያለበት ቦታ ስትደርስ ትቆማለች፣ እስኪለቅላት ድረስ ይዛ ትጠብቃለች። ውስጤ ሲሳብ ይሰማኛል፣ ያቃጥላል፤ ቆይቶ ይለቃል። ከሆዴ አልፋ ወገቤንና የጎድን አጥንቴን ሥር ትሠራለች፣ በሆዴ መተንፈስ ታስተምረኛለች። እኔ አልጋው ላይ «አቤቱ ማረኝ» እላለሁ። አንድ ቀን እንባዬን አይታ «አመመሽ?» አለችኝ። «እየጸለይኩ ነው» አልኳት። እጇን ሳታነሣ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

እናቴ በስልክ ስነግራት «ወጌሻ አገኘሽ ማለት ነው!» አለች። እናንተ ግን ሆዳችሁ ተነፍቶ፣ እያስመለሳችሁ፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ካለ ለማንም እጅ አትስጡት። ወጌሻም ፊዚዮቴራፒስትም ጋ ሳይሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አንጀት ሊሞት ይችላል፤ ሰዓት አይሰጥም።

ጠባሳው ጠፍቷል አልልም። እንዲህ ያለው ጠባሳ ብዙ ጊዜ በሲቲም አይታይም። ነገር ግን ያ መዘጋት ከዚያ ወዲህ አልተመለሰብኝም፤ ሆዴም አልተከፈተም። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በእንጀራ ያለ ፍርሃት በላሁ። ያቺ ሴት እምነቴን አትጋራም፤ ጸሎቴን የመለሰልኝ ጌታ ግን በእጇ መጠቀሙን አልጠራጠርም። ክብር ለስሙ ይሁን!

አሁን አንዲት እህታችን በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ተኝታለች፤ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ነው። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙላት።