ለጅራፍ ትል አንድ ስላይድ አይበቃም

ፒያሳም ሆነ ለገሃር ክሊኒክ ገብቶ ሰገራ የሰጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በቀጥታ ስሚር ነው፦ አንድ ጠብታ ሳላይን፣ በእንጨት ጫፍ የተነካች ሰገራ፣ ከቨር ስላይድ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ትኩስ ሰገራ ላይ የሚንቀሳቀስ አሜባና ጃርዲያ ለማየት ጥሩ ነው። ለአንጀት ጥገኛው ጅራፍ ትል (ትሪኩሪስ) ግን ያንሳል። ለምን እንደሚያንስ እናስላው።

ስላይዱ ላይ የሚያርፈው 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በ1 ግራም ሰገራ 200 እንቁላል የሚወጣው ሰው ቢመጣ፣ ለዚያች ስላይድ ግማሽ እንቁላል እንኳ አይደርሳትም። ባለሙያው ጥግ ከጥግ ቢያስስም ብዙ ጊዜ ባዶ ያገኛታል፤ ሕመምተኛውም «አልታየም» ተብሎ ይሄዳል። ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ ግን ሰገራው በልክ በተበሳ ሰሌዳ ቀዳዳ ተሞልቶ ስላይድ ላይ ይቀመጥና ግሊሰሪን በጠጣ ሴሎፋን ይሸፈናል፤ ቀዳዳው 41.7 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ ከዚያው ሰገራ 8 ያህል እንቁላል ይጠበቃል። የተቆጠረው በ24 ሲባዛ የ1 ግራሙ ይገኛል፤ ከ1,000 በታች ከሆነ ሕመሙ ቀላል፣ ከ10,000 ጀምሮ ከባድ ይባላል።

ካቶ ካትዝ የሚበላሸው ሰገራው በወንፊት ሳያልፍ ሲቀር፣ ቀዳዳው ሳይሞላ ሲቀር ወይም ሴሎፋኑ ግሊሰሪን ውስጥ አንድ ቀን ሳያድር ሲቀር ነው። ከስላይዱ ሥር ጋዜጣ ሲደረግ ፊደሉ ካልተነበበ ስሚሩ ወፍሯል። የመንጠቆ ትል እንቁላል በግሊሰሪኑ ስለሚጠፋ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይነበብ፤ የጅራፍ ትሉ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ይቆያል። ውሃ የሆነ ተቅማጥ ላይ ዘዴው አይሠራም።

ለተቅማጡ ፎርሞል ኢተር የሚባል ዘዴ አለ፤ እንቁላሉን ከቱቦው ሥር ያከማቻል። 1 ግራም ሰገራ በ7 ሚሊ ሊትር 10% ፎርማሊን በጥብጦ ማጥለል፣ 3 ሚሊ ሊትር ኢተር መጨመር፣ ከድኖ በኃይል መነቅነቅ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ለ1 ደቂቃ ማሽከርከር። ክዳኑ ቀስ ተብሎ ይከፈት፣ ግፊት አለው። ኢተር ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት አጠገብ ፈጽሞ እንዳይሠራ! ከላይ የረጋው ቅባት በእንጨት ከቱቦው ግድግዳ ሳይላቀቅ ከተደፋ ዝቃጩን ያቆሽሸዋል።

የጅራፍ ትል እንቁላል ቡናማ በርሜል ይመስላል፤ ርዝመቱ ከ50 እስከ 55 ማይክሮሜትር፣ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ጥርት ያለ ውታፍ። ቅርፊቱ ሸንተረር ካለው፣ ውታፉም ጠፍጣፋ ከሆነ ካፒላሪያ የተባለ ሌላ ትል ይጠርጠር።

400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል አንዴ የዋጠ ሰው ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ይመርመር። እንቁላል ዳግም ቢታይ ላብራቶሪው ተሳሳተ አይባል፤ ወስፋትን የሚጠርገው ይህ መድኃኒት በአንድ ዶዝ ጅራፍ ትል ላይ ደካማ ነው።