ለመካከለኛ የአደን ጠመንጃ አፈሙዝና አረር የመረጥሁበት መንገድ

ጠመንጃ ከመግዛቴ በፊት ወራት የፈጀብኝ የአፈሙዝ ርዝመት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ለአረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወንጭፎ ለሚወጣው ጫፍ፣ ልሰጠው ይገባኝ ነበር። እንዴት እንደ መረጥሁና የት ላይ እንደ ሳትሁ ላስቀምጥ፤ ሌላው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እንዲያየው።

አስቀድሞ ግን፣ ባሕር ዳር የምኖርባት እንጂ የማድንባት ቦታ አይደለችም። የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠናነት ተመዝግቧል፤ ደንገሉ ውስጥ ያለውን ጉማሬም ሆነ ወፍ ማንም እንዲነካው አልፈልግም። አደን በፈቃድ፣ ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች የሚደረግ ነው። መሣሪያውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። ወረቀቱ ሳያልቅ ስለ ካሊበር (ስለ አፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት) መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው በልጅግ ነው። የቤልጅየሙ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ኤፍ ኤን የሠራው ማውዘር ሲሆን ጥይቱ 8 በ57 ነው፤ 8ቱ የአረሩ ውፍረት፣ 57ቱ ባሩዱን የሚይዘው ቀለህ ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት በዚሁ ልክ የተሠራ የአደን ጠመንጃ ነበር፤ ለድኩላና ለከርከሮ ከበቂ በላይ ነው። በዚህ ጥይት ላይ ግን ሊታወቅ የሚገባው አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው አረር ውፍረቱ 8.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ1905 የተተካው "ኤስ" የሚባለው 8.20 ነው። ቀለሁ ተመሳሳይ ስለሆነ ወፍራሙ ጥይት ጠባቡ አፈሙዝ ውስጥ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን ግፊቱ ከልክ ያልፋል። አሜሪካ ሠራሽ የሆነው 8 በ57 ጥይት ብዙውን ጊዜ ለዘብ ተደርጎ የሚሞላው በዚሁ ፍርሃት ነው። በልጅጉ ራሱ "ኤስ" ነው። ከአያት የወረደ፣ ምልክቱ የጠፋ አሮጌ ማውዘር ያለው ሰው ግን አፈሙዙን በባለሙያ ሳያስለካ አንድም ጥይት አይተኩስበት።

ለአጋዘንና ከዚያም ለከበደ አውሬ የሚሆን ስፈልግ 9.3 በ62 ላይ አረፍሁ። በርሊናዊው ጠመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ በ1905 ያወጣው ነው። ባለ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የሚባለው የእንግሊዝ ጥይት በኃይል ይበልጠዋል፤ አይካድም። ነገር ግን የ375ቱ ጥይት ርዝመቱ 91 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅም የቃታ ቤት (ጥይቱ የሚጎርስበት የጠመንጃው ክፍል) ይጠይቃል፤ ጠመንጃው ይከብዳል፣ ትከሻም ላይ የበለጠ ይረግጣል። 9.3ቱ በተለመደው የማውዘር ቃታ ቤት ውስጥ ይገባል። 18.5 ግራም የሚመዝን አረሩን (ካርቶኑ ላይ 286 ግሬን ተብሎ የሚጻፈውን) በሰከንድ 720 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል።

አሁን ወደ አፈሙዙ። የቀረቡልኝ 51፣ 56 እና 61 ሴንቲ ሜትር ነበሩ። አፈሙዝ ሲያጥር ባሩዱ አረሩን የሚገፋበት መንገድ ስለሚያጥር ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጥያቄው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። 9.3ቱ ሰፊ ቀዳዳና መጠነኛ ባሩድ ስላለው በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ የሚያጣው በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ሜትር ነው። ጠባብ ቀዳዳና ብዙ ባሩድ ያላቸው፣ ማግነም የሚባሉት ኃይለኛ ጥይቶች ላይ ኪሳራው ከ10 በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከ61 ወደ 51 ብወርድ የማጣው 28 ሜትር ገደማ ነው። የሁለቱም ማነጣጠሪያ በ150 ሜትር መሐሉን እንዲመታ ቢስተካከል በ200 ሜትር ላይ የመውደቅ ልዩነታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወራት የፈጀሁት ለዚህች አንድ ሴንቲ ሜትር ነበር!

አጭር አፈሙዝ ኢላማ ያበላሻል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ውፍረቱ እኩል ከሆነ አጭሩ ይበልጥ ደንዳና ነው። የአጭሩ እውነተኛ ዋጋ ጩኸቱና ብልጭታው ነው፤ የረጅሙ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ መጠላለፉና ከመኪና ሲወርዱ ማስቸገሩ። 56ቱን ወሰድሁ። ጆሮ መሸፈኛ ግን በየትኛውም ርዝመት አይቀርም።

የሳትሁት አረሩ ላይ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ካርቶኑ ላይ ትልቅ የፍጥነት ቁጥር የተጻፈበትን፣ 15 ግራም የሚመዝን፣ ልብሱ (እርሳሱን የሸፈነው መዳብ) ስስ የሆነ ተራ የእርሳስ አረር ነበር። ውኃ በጠገበ የጋዜጣ ክምር ላይ ከ50 ሜትር ስሞክረው ተበታተነ፤ ያገኘሁት ቁራጭ ከግማሽ ክብደቱ ብዙም አልበለጠም። ፈጣን አረር ቅርብ ርቀት ላይ ሲመታ ለስላሳው እርሳስ ከመዳቡ ልብስ ይላቀቃል። እንዲህ ያለው አረር የአጋዘን ትከሻ አጥንት ላይ ቢያርፍ ውስጥ ሳይደርስ ያልቃል፤ አውሬው ቆስሎ ጫካ ይገባል። ከዚህ የከፋ ነገር በአደን ውስጥ አላውቅም።

እርሳሱ ከልብሱ ጋር የተበየደው አረር ክምሩ ውስጥ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ቀረ፤ ይህ ዓይነቱ ከ80 በመቶ በላይ ክብደቱን ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከእኔ ርቀት ጋርም ይስማማል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ከ40 እስከ 150 ሜትር ነው የምተኩሰው፣ እዚያ ድረስ አረሩ ለመከፈት የሚበቃ ፍጥነት አለው። ሙሉ መዳብ የሆነው ደግሞ ክብደቱን ከሞላ ጎደል አይጥልም። ይሁን እንጂ መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት አረሩ ይረዝማል። የ9.3ቱ የአፈሙዝ ውስጥ ጥምዝ፣ አረሩን የሚያሽከረክረው፣ አንድ ዙር የሚሞላው በ360 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በጣም የረዘመ አረር በቂ ሽክርክሪት አያገኝም። መዳብ የሚወድ ሰው 16.2 ግራም ገደማ የሆነውን ይምረጥ። ሙሉ ልብስ ያለው የጦር ጥይት ለአደን አይሆንም፤ ስለማይከፈት ጠባብ ቀዳዳ ከፍቶ ያልፋል።

ማነጣጠሪያውን ያስተካከልሁት በ100 ሜትር ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ነው። እንዲህ ሲሆን በ150 ሜትር መሐሉ ላይ ይውላል፤ በ200 ሜትር 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የደጋ አጋዘን የሚገኝባቸው የባሌ ተራሮች ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። ከፍ ሲባል አየሩ ስለሚሳሳ ከፍታው ብዙ ሰው ያሳስባል፤ ነገር ግን እስከ 200 ሜትር ድረስ ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ማነጣጠሪያውን የሚያዛባው የመንገድ ንቅናቄ ነው። ስለዚህ በደረስሁበት ቦታ፣ በተፈቀደ ስፍራ፣ ሦስት ጥይት ለማረጋገጫ እተኩሳለሁ።

ስለ ዝገት ለብቻው ልናገር፤ የሐይቁ ዳር ክረምት ብረት ይበላል። አሮጌ የጦር ጥይቶች ካፕሱላቸው (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለው ክፍል) ሲቃጠል አፈሙዝ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ስለዚህ ዘይት መቀባት ብቻውን ከዝገት አያድንም። መጀመሪያ የፈላ ውኃ በአፈሙዙ ማፍሰስ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት መቀባት ነው። የቆዳ አፎት ውስጥ ጠመንጃ አላከርምም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። በዝናብ ሲሄዱ የአፈሙዙን ጫፍ በስስ ፕላስተር መሸፈን ይቻላል፤ አረሩ ሳይደርስበት ከፊቱ ያለው አየር ይቀድደዋል። ጭቃ ወይም ሣር የገባበት አፈሙዝ ግን ሲተኮስ ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከወደቅሁ ወይም ጫፉ መሬት ከነካ ጥይቱን አውጥቼ ውስጡን ሳላይ አልቀጥልም።

ሌሊቱን ዘይት ተቀብቶ ያደረ አፈሙዝ የመጀመሪያውን ጥይት ከቀሩት ለይቶ ይጥላል። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሁለት ደረቅ ጨርቅ አሳልፍበታለሁ፤ ኢላማ ስሞክርም የቀዝቃዛው አፈሙዝ የመጀመሪያ ጥይት የት እንዳረፈ ለብቻው እመዘግባለሁ፤ አውሬው ላይ የምተኩሰው እሱን ነውና።